ነበር ባይሰበር፦ የኮምኔኖሶችን «ቢሆን ኖሮ» ታሪክ አጻጻፍ፣ ደረጃ በደረጃ

ቡና ላይ የማያልቅ ወሬ አለ። «አፄ ዮሐንስ መተማ ላይ ባይወድቁ ኖሮ…» ይላል አንዱ። ሌላው «ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን ባይወርዱ ኖሮ…» ብሎ ይቀበላል። ክርክሩ ሲጦፍ አንድ ትልቅ ሰው «ነበር ባይሰበር» ብለው ይዘጉታል። ስኒው ይነሣል፣ ሰው ይበተናል።

እኔ ይህን የተዘጋ ወሬ መክፈት እወዳለሁ። «ቢሆን ኖሮ» ታሪክ መጻፍ ጨዋታ ነው፤ ግን ሕግ ያለው ጨዋታ ነው። ሕጉን በአንድ ምሳሌ ላሳያችሁ። ምሳሌው የእኛ አገር አይደለም። ቁስጥንጥንያ ላይ ነግሦ ሜዲትራኒያንን መልሶ ለመያዝ የተፍጨረጨረው የግሪኮቹ የኮምኔኖስ ሥርወ መንግሥት ነው። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ ግን አንድ ነገር ልናዘዝ። በመጀመሪያ ሙከራዬ ንጉሠ ነገሥት ማኑኤል በአራተኛው ገጽ ጣሊያንን ያዘ። በስድስተኛው ግብፅን ደረበ። በስምንተኛው ባሕሩ በሙሉ የእሱ ሆነ። ለጓደኛዬ አስነበብኩት። «ሰውዬው ሎተሪ ደርሶት ነው እንዴ?» አለኝ። ይህንንስ ችዬው ነበር። ቀጥሎ የጠየቀኝ ግን እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም፦ «ይኼ ሁሉ ወታደር ምን እየበላ ነው የሚዘምተው?»

ይህ መመሪያ የመጣው ከዚያ ጥያቄ ነው።

ደረጃ 1፦ ሰዎቹን ተዋወቁ

ብዙ አትቆዩበት፤ ግን አትዝለሉት።

ቢዛንታይን፣ ማለትም ከቁስጥንጥንያ የሚገዛው የግሪኮቹ መንግሥት፣ በ1071 በአንድ ዓመት ሁለቴ ተመታ። በምሥራቅ ማንዚከርት ላይ በሴልጁክ ቱርኮች ተሸነፈ። በምዕራብ ደግሞ ጣሊያን ውስጥ የቀረችው የመጨረሻ ከተማው ባሪ በኖርማኖች እጅ ገባች። ከአሥር ዓመት በኋላ አሌክሲዮስ ኮምኔኖስ ዙፋኑን ያዘ። ልጁ ዮሐንስ ተከተለው፣ ከዚያ የልጅ ልጁ ማኑኤል። ከ1081 እስከ 1180 ሦስት ሰው 99 ዓመት ገዛ። የወረደ ንጉሥ ዓይኑ በሚወጣበት ግቢ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

የእኛ ሰው ማኑኤል ነው። በ1155 ጣሊያን ላይ ጦር አዘመተ። በ1159 በክብር አንጾኪያ ገባ፤ የከተማዋ ገዥ ሬኖ ከፈረሱ ጎን በእግሩ ነበር የሚሄደው። በ1167 ጦሩ ሃንጋሪዎችን ድል አደረገ። በ1169 ግብፅ ላይ መርከብ ላከ። በ1180 ሞተ። አምስት ዓመት ሳይቆይ ቤተሰቡ ከቁስጥንጥንያ ዙፋን ወረደ። በ1204 ደግሞ የመስቀል ጦረኞች ከተማዋን ራሷን ዘረፏት።

«ሊሆን ነበር» የበዛበት ሰው ለዚህ ጨዋታ ይመቻል። በነገራችን ላይ፣ ኋላ አውሮፓውያን የኢትዮጵያ ንጉሥ ነው ብለው የደመደሙት «ካህኑ ንጉሥ ዮሐንስ» ጻፈው የተባለው የፈጠራ ደብዳቤ በ1165 ገደማ የወጣው በዚሁ በማኑኤል አድራሻ ነው።

ደረጃ 2፦ መገንጠያውን ፈልጉ

መገንጠያ የምለው ታሪካችሁ ከእውነተኛው የሚለይበትን ቦታ ነው። ቃሉን ከመኪና መንገድ ነው የወሰድኩት። መገንጠያ ላይ ሹፌሩ መሪውን ትንሽ ያዞራል። ማታ የሚያድርበት ከተማ ግን ሌላ ነው።

ስለዚህ መገንጠያው ትንሽ ይሁን። ደግሞ ማንም ሰው ጠባዩን ሳይለውጥ ሊሆን የሚችል ይሁን። ፈሪውን ጀግና፣ ችኩሉን ታጋሽ ካደረጋችሁ ተረት ጀምራችኋል። በመጨረሻም ወደምትፈልጉት አቅጣጫ የሚወስድ ይሁን፤ እኛ የምንፈልገው ባሕሩን ነው።

አብዛኛው ሰው ዘሎ የሚይዘው ሚርዮኬፋሎንን ነው። በሴፕቴምበር 1176 ማኑኤል ጦሩን በጠባብ የተራራ መተላለፊያ አስገብቶ በቱርኮች የተመታበት ቦታ ነው። እኔ አልመርጠውም። እዚያ ለማሸነፍ ማኑኤል ሌላ ሰው መሆን አለበት፤ ልምድ ያላቸው አዛዦች አስጠንቅቀውት አልሰማም። ቢያሸንፍም የሚያገኘው ደጋ ነው እንጂ ባሕር አይደለም።

የጣሊያኑ ዘመቻ ይሻላል። በ1155 የማኑኤል ሰዎች በጥቂት ጦርና በብዙ ወርቅ ባሪንና ሌሎች የባሕር ዳር ከተሞችን ያዙ። የሲሲሊው ንጉሥ ዊልያም ታሞ ነበር፣ መኳንንቱም ሸፍተውበታል። ብሪንዲሲ ላይ ሲደርሱ ነገሩ ተበላሸ። ንጉሡ ድኖ ጦር ይዞ መጣ። ቅጥረኞቹ ደሞዝ ጨምሩልን አሉ፤ እምቢ ሲባሉ ጥለው ሄዱ። በ1156 ሁሉም አበቃ። እዚህ ላይ «ደሞዙ ቢጨመርላቸው ኖሮ» ማለት ያጓጓል፤ መገንጠያው እውነትም ትንሽ ነው። ችግሩ ማግስቱ ነው። ግሪኮች የአድርያቲክን ባሕር አፍ በሁለቱም ወገን እንዲይዙ ቬኒስ አትፈልግም፣ የሮማው ጳጳስም አይፈልግም፣ የጀርመኑ ንጉሠ ነገሥት ፍሬድሪክ ባርባሮሳም አይፈልግም። ውጊያውን አሸንፋችሁ በሁለት ዓመት ትባረራላችሁ። ለአጭር ልብ ወለድ ይበቃል፤ ከዚያ አያልፍም።

ግብፅ ትቀራለች። እኔ የምይዘው እሷን ነው።

ደረጃ 3፦ የሆነውን በወር በወር ጻፉት

ይህን ደረጃ ሰው አይወደውም። እኔ ግን ጊዜዬን ግማሽ የምጨርሰው እዚህ ነው። ምንም ነገር ከመፍጠራችሁ በፊት የሆነውን በቀንና በወር አስቀምጡ። ለምሳሌ እንዲህ፦

1167፦ የኢየሩሳሌም የመስቀላውያን ንጉሥ አማልሪክ የማኑኤልን የወንድም የልጅ ልጅ አገባ። በዚያው ዓመት የግብፁ ጠቅላይ ሹም ሻዋር በየዓመቱ 100,000 ዲናር ሊከፍለው ተስማማ።

1168፦ አማልሪክ ግብፅን ከማኑኤል ጋር አብሮ ለመውረር መልእክተኛ ላከ። መልእክተኛው ኋላ የዘመኑን ታሪክ የጻፈው የጢሮሱ ዊልያም ነው። ዊልያም ሲደርስ ንጉሠ ነገሥቱ ቁስጥንጥንያ የለም፤ ሰርቢያ ዘምቷል። እስከ ቢቶላ ድረስ በየብስ ሄዶ አገኘው። ውሉ ታተመ። ዊልያም የመልስ ጉዞውን የጀመረው ኦክቶበር 1 ነው። አገሩ ሲደርስ አማልሪክ ጭራሽ ሳይጠብቀው ግብፅ ገብቷል።

ኖቬምበር 1168፦ የአማልሪክ ጦር የግብፅን ከተማ ቢልቤይስን ያዘና ሕዝቡን ጨፈጨፈ። ሻዋር እጃቸው እንዳትገባ የካይሮ ጎረቤት የሆነችውን ከተማ ፉስጣጥን አቃጠላት። የግብፅ ቤተ መንግሥት ከደማስቆው ኑረዲን ርዳታ ጠየቀ።

ጃንዋሪ 1169፦ የኑረዲን አዛዥ ሺርኩህ ካይሮ ገባ። ሻዋር ተገደለ። ማርች ላይ ሺርኩህም ሞተ፤ የወንድሙ ልጅ ተተካ። የዚህ ልጅ ስም ሳላዲን ነው።

ጁላይ 1169፦ የማኑኤል መርከቦች በአንድሮኒኮስ ኮንቶስቴፋኖስ አዛዥነት ተነሡ። በዊልያም ቆጠራ 150 የቀዘፋ መርከብ፣ 60 ፈረስ የሚጭን፣ ሌላም ትልልቅ የጭነት መርከብ ነበረ። ስንቃቸው የሦስት ወር ነው፤ ከኦገስት ጀምሮ የሚታሰብ።

አሁን ጣታችሁን እዚህ ላይ አድርጉ። ከኦገስት ሦስት ወር ስትቆጥሩ ኦክቶበር መጨረሻ ላይ ያልቃል። የአማልሪክ አገር ካለፈው ዘመቻ ድካም ገና አላገገመም። ንጉሡ ዛሬ ነገ ሲል ጦሩ የተነሣው ኦክቶበር አጋማሽ ካለፈ ነው። ዓባይ ባሕር በሚገባበት አፍ አጠገብ ያለችው የግብፅ ወደብ የዱምያጥ ከበባ የተጀመረው ኦክቶበር መጨረሻ ላይ ነው። አያችሁ? ከበባው ሲጀመር ስንቁ አልቋል።

ቀሪው የረሃብ ታሪክ ነው። ወንዙ በሰንሰለት ተዘግቷል፤ መርከቦቹ ማለፍ አልቻሉም። ለከተማዋ ግን ከላይ በወንዙ እህልም ሰውም ይገባላታል። ግሪኮቹ የቴምር ዛፍ እየቆረጡ ከጫፉ የሚገኘውን ለስላሳ ክፍል በሉ። አጠገባቸው የሰፈሩት የአማልሪክ ሰዎች እህል ነበራቸው፤ ለራሳችን ያልቅብናል ብለው አላካፈሉም። ዝናቡ ድንኳኑን አጥለቀለቀው። ከከተማዋ በኩል የተለቀቀች በእሳት የተያያዘች ጀልባ ስድስት መርከብ አቃጠለች። ዲሴምበር ላይ ከበባው ተነሣ። የተረፉትን ብዙዎቹን መርከቦች ሲመለሱ ማዕበል በላቸው።

ደረጃ 4፦ አንድ ነገር ብቻ ለውጡ

ዝርዝሩን ስታነቡ መገንጠያው ራሱ ይጠራችኋል። እኔን የጠራችኝ ቢቶላ ናት። ሰርቦች በዚያ በጋ ባያምፁ ኖሮ ማኑኤል ቤተ መንግሥቱ ነበር። ዊልያም ውሉን ይዞ ከሁለት ወር በፊት ይመለስ ነበር።

ይህ ብቻ ነው። የማንም ጠባይ አልተነካም። አማልሪክ ያው ገንዘብ ወዳዱ አማልሪክ ነው። ግን እጁ ላይ የንጉሠ ነገሥቱ ማኅተም ያለበት ውል አለ፣ ሚስቱም የማኑኤል ዘመድ ናት። «ግሪኮቹን ሳንጠብቅ እንግባ» ለሚሉት ሹማምንቱ «ውል አለብኝ» ማለት ይችላል። ስለዚህ በ1168 አይዘምትም። ቢልቤይስ አትጨፈጨፍም። ፉስጣጥ አትቃጠልም። ሻዋር ግብሩን እየከፈለ ወንበሩ ላይ ይቆያል። ሳላዲንም ሶርያ ነው ያለው።

ሁለተኛ ለውጥ እንዳትጨምሩ። እጃችሁን ይበላችኋል፤ ቻሉት።

ደረጃ 5፦ ስንቁንና ወንዙን ቁጠሩ

እዚህ የጓደኛዬ ጥያቄ ይመለሳል።

ውሉ ቀደም ብሎ ስለታተመ ማኑኤል የእነሱን ክረምት፣ የብርዱን ወራት፣ ሙሉ መርከብ ማዘጋጀት ይችላል። በዚያ ዘመን ሰው በክረምት ባሕር አይደፍርም። አፕሪል ላይ ቢነሡ ሜይ ውስጥ ዱምያጥ ይደርሳሉ። ስንቃቸው የሦስት ወር ከሆነ እስከ ጁላይ መጨረሻ ይዘልቃል።

አሁን ወንዙን ተመልከቱ። ዓባይ ግብፅ ላይ በጁላይ መሙላት ይጀምራል፤ ኦገስትና ሴፕቴምበር ሜዳው ውኃ ነው። ምክንያቱን ለእናንተ ማስረዳት አያስፈልገኝም፤ እኛ ዘንድ ሐምሌ ሲገባ የጎጃምና የወሎ ተራራ የሚያወርደው ነው። በ1221 ከዱምያጥ ወደ ካይሮ የተነሣ የመስቀል ጦር ይህን ንቆ ኦገስት ላይ ውኃ ውስጥ ገብቶ እጁን ሰጥቷል። ስለዚህ የወንዙም የስንቁም ቀጠሮ አንድ ወር ላይ ይገጥማል። ጁላይ ሳያልቅ ነገሩ ካላለቀ አለቀ።

ታዲያ ዱምያጥ በሁለት ወር ተኩል ትወድቃለች? እዚህ ራሴን ልሸውድ ሞክሬ ነበር። «ድንገት ስለደረሱባት ወደቀች» ብዬ ጽፌ አለፍኩ። ከዚያ በኋላ የሆነውን አየሁ። በ1218 ሜይ ላይ የደረሰ ትልቅ የመስቀል ጦር የሰንሰለቱን ግንብ ብቻ ለመያዝ እስከ ኦገስት ቆየ። ከተማዋ የወደቀችው በኖቬምበር 1219 ነው። ዓመት ከመንፈቅ! የእኔ ሁለት ወር ተኩል ቀልድ ነው።

አጠፋሁት። ይልቅ ማን በሩን ሊከፍት ይችላል ብዬ ጠየቅሁ። ሻዋር! በ1167 የአማልሪክ ዘበኞች የካይሮን በር እንዲጠብቁ የፈቀደ ሰው ነው። ዕድሜ ልኩን አንዱን ጠላት በሌላው ሲያስፈራራ የኖረ ነው። 200 መርከብ ደጁ ሲቆምና ከሶርያ በኩል የሺርኩህ ወሬ ሲመጣ ምን ያደርጋል? ይደራደራል። ዱምያጥን ለማኑኤል በኪራይ መልክ ይሰጣል፣ እህል ይሸጣል፣ በምትኩ ከሺርኩህ ጠብቁኝ ይላል።

እንግዲህ የኮምኔኖሶች ድል ይህን ያህል ነው፤ አንድ ወደብና የእህል ውል። ከመጀመሪያው ረቂቄ ጋር ሲተያይ ያሳፍራል። ግን የሚታመን ነው። ደግሞ ለቁስጥንጥንያ የግብፅ ስንዴ ትንሽ ነገር አይደለም፤ በጥንት ዘመን ከተማዋን ሲመግባት የኖረ ስንዴ ነው።

ደረጃ 6፦ ለሌላውም ጭንቅላት ስጡት

ጀማሪ ጸሐፊ ላይ የማየው ትልቁ ስሕተት ይኼ ነው። የራሱ ሰው ብቻ ያስባል፣ ሌላው ቆሞ ይመታል። እያንዳንዱን ወገን በየተራ ሁኑና «እኔ ብሆን ምን አደርጋለሁ?» በሉ።

ኑረዲንን ሁኑ። ግብፅ በግሪክና በፍራንክ፣ ማለትም በአማልሪክ ሰዎች፣ እጅ ልትገባ ነው። ዝም አይልም። ሺርኩህ ከዚህ በፊት በ1164 እና በ1167 ግብፅ ዘምቷል፤ መንገዱን ያውቀዋል። ስለዚህ ይመጣል፣ ምናልባት ዓመት ዘግይቶ። ሳላዲንንም ይዞ ይመጣ ይሆናል። አልጠፋም፤ ጊዜው ብቻ ተገፋ።

ቬኒስን ሁኑ። እስክንድርያ ላይ ነግዳችሁ ትበላላችሁ። አሁን ጎረቤታችሁ የንጉሠ ነገሥቱ ወደብ ሆነ። በእውነተኛው ታሪክ ማኑኤል በማርች 12፣ 1171 በግዛቱ ያሉትን ቬኒሳውያን በአንድ ቀን አሳስሮ ንብረታቸውን ወረሰ። በእናንተ ታሪክ ግን ግማሽ መርከቡ ዱምያጥ ነው። ይደፍራል? እኔ አይደፍርም እላለሁ። ስለዚህ ከቬኒስ ጋር እየተናደደም ቢሆን ይስማማል። አያችሁ፣ ግብፅ ላይ ያገኘው ነገር ቤቱ ውስጥ እጁን አሰረው።

ሲሲሊን ሁኑ። ደሴቲቱን የሚገዙት ኖርማኖች በ1174 እስክንድርያ ላይ መርከብ ልከው ነበር። በእናንተም ታሪክ ይልካሉ፤ ምናልባት ወደ ዱምያጥ።

ደረጃ 7፦ የተወለዱትን ቁጠሩ

አጭር ግን መራራ ደረጃ። የማኑኤል ብቸኛ ሕጋዊ ወንድ ልጅ አሌክሲዮስ የተወለደው በሴፕቴምበር 14፣ 1169 ነው። ዘጠኝ ወር ወደ ኋላ ቁጠሩ። የተፀነሰው ከመገንጠያችን በኋላ ነው። ያ በጋ ሌላ በጋ ከነበረ ያ ልጅ ያው ልጅ ነው?

ከልባችሁ ከጠየቃችሁ አይደለም። ሴት ልትሆን ትችላለች። ያኔ የሃንጋሪው ልዑል ቤላ፣ የማኑኤል ሴት ልጅ እጮኛና እስከዚያ ድረስ አልጋ ወራሽ የነበረው፣ ቦታውን አይለቅም። ወደ አገሩ ተመልሶ በ1172 የነገሠው ያ ሰው ቁስጥንጥንያን ይወርሳል ማለት ነው። ሌላ መጽሐፍ ይወጣዋል። እኔ በአንድ ታሪክ አንድ ጊዜ ብቻ ሳንቲም እወረውራለሁ። ጎፈር ወይ ዘውድ። ምንም ይውጣ ምን እቀበላለሁ።

ደረጃ 8፦ ወደ እኛ ለመጎተት አትቸኩሉ

አማርኛ አንባቢ «ታዲያ እኛስ?» ማለቱ አይቀርም። መልስ አለው፤ ግን በልክ።

እውነተኛው ክር የቤተ ክርስቲያን ነው። ለኢትዮጵያ ጳጳስ የሚመጣው ከእስክንድርያ መንበር ነበር፤ ይህ እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ዘልቋል። ማኑኤል ደግሞ ነገረ መለኮት የሚወድ ንጉሥ ነው። በ1170ዎቹ መጀመሪያ ከአርመኖች ጋር ስለ አንድነት የሚከራከር ሊቅ ልኳል። ዱምያጥ ላይ እግሩ ከገባ ለግብፁ የኮፕት ፓትርያርክም ይልካል ማለት ማጋነን አይደለም። የኬልቄዶን ነገር ከ451 ጀምሮ ያልሻረ ቁስል ነው። ያኔ ላስታ ላይ ጳጳስ የሚጠብቅ የዛጉዌ ንጉሥ ምን ይሰማዋል? አንድ ጥሩ ምዕራፍ ይወጣዋል።

ሌላው ግን ወጥመድ ነው። «ሳላዲን ግብፅን ካልያዘ በ1187 ኢየሩሳሌምን አይወስድም፤ ኢየሩሳሌም ካልወደቀች ላሊበላ አይፈለፈልም» የሚል ሰው ታገኛላችሁ። አትከተሉት። ገድሉ የሚናገረው ንጉሡ በሰማይ ስላየው ነው እንጂ ስለ ሳላዲን አይደለም። አንድ ሰንሰለት ላይ ሦስት «ምናልባት» ከተንጠለጠለ ይበጠሳል።

የሚጨበጥ ነገር ከፈለጋችሁ ቤተልሔም ሂዱ። በልደት ቤተ ክርስቲያን በ1169 የተጻፈ ጽሑፍ አለ። ማኑኤልንና አማልሪክን አንድ ላይ ይጠራል። መርከቦቹ በተነሡበት ዓመት መሆኑ ነው። ከእውነተኛው ታሪክ የቀረላችሁ እንዲህ ያለ ነገር ለፈጠራችሁ ምሰሶ ይሆናል።

ደረጃ 9፦ ከታች ሆናችሁ ጻፉ፣ ሳታረጁም አቁሙ

ከ1180 አትለፉ። ከዚያ በኋላ ሁሉም ሰው የተለየ ሰው ነው፤ የምትጽፉት ታሪክ ሳይሆን ምኞት ይሆናል። ደግሞ በንጉሡ ዓይን አትጻፉ። ንጉሥ ሁልጊዜ ካርታ ነው የሚያየው። ካርታ ላይ ደግሞ ማንም አይራብም። እኔ ዱምያጥን የጀመርኩት ሰንሰለቱን በሚጠብቅ ሰው ነው። ይኸው፦

ትእዛዙ ከካይሮ የመጣው በጠዋት ነው። ሰንሰለቱን አውርዱ ይላል። ሽማግሌው ማንበብ አይችልም፤ ማኅተሙን ግን ያውቀዋል። ሦስቴ አገላበጠው። ከወንዙ አፍ ማዶ መርከቦቹ ቆመዋል። ከትናንት ጀምሮ ቢቆጥር ቢቆጥር አላለቁለትም። ልጁን ጠርቶ መዘውሩን ዘይት ቀባው አለው።

«አባዬ፣ እውነት ሊገቡ ነው?»

«እህል ጭነው ከመጡ ይግቡ» አለ ሽማግሌው። «የእኛን ሊበሉ ከሆነ ግን…»

ሳይጨርሰው ትከሻውን መዘውሩ ላይ ጣለ። ዝገቱ ጮኸ። ሰንሰለቱ ቀስ እያለ ውኃው ውስጥ ገባ።